ረቡዕና ዓርብ የሚወጣው ግፊት

ማክሰኞ፣ ጥር 19፣ ከሰዓት

የለም፣ የደም ግፊቴ ከእርጅና አይደለም። ማን ጠየቀሽ አትበይኝ ደብተሬ፤ ሳልጠየቅ መመለስ ልማዴ ነው። እርጅና ሳይሆን የደም ሥሬ ነው የደረቀው። የልጅ ልጄ ምሕረት በሂሳብ አውጥታ ነግራኛለች። የውሃ ጎማ አዲስ ሲሆን ውሃ ሲገፋው ለጠጥ ይላል። ፀሐይ ሲበላው ድርቅ። ያኔ ግፊቱ ይጨምራል። የሰው ሥርም እንደዛው።

የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሑፏ ይሄ ነው። ሦስት ሳምንቷ፣ ሁልጊዜ 11 ሰዓት ላይ ክንዴን ትለካለች። የነገውን ግፊቴን ዛሬ ትናገራለች። ዛሬም ያለችው ልክ ወጣ። መደመር ላይ ትምህርት ካቆመች ሴትዮ ይሄ ጭንቅላት ወጣ። እኔን ይግረመኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ደግሞ ሳተች። እሷ ዝቅ ይላል ስትል ማሽኑ ሽቅብ። ፊቷ ጠቆረ።

«እማማ፣ ጠዋት ኪኒንሽን ውጠሻል አይደል?»

«ጥርስ ነው እንጂ ጉሮሮ አላጣሁ» አልኳት። ሳቀች። አልዋጥኩም እኮ። ጾም ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ውሃ በአፌ አይዞርም። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ያለፈ ጠዋት አይመለስም። የንስሐ አባቴ መድኃኒት ጾም አይሽርም ብለውኛል። እልከኛ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ዓርብ፣ ጥር 22

ዛሬም ሽቅብ። ልጅቷ እራት አልበላም አለች። ሂሳቡ ውሸት ነው፣ ቅዳሜ ለአስተማሪዬ ነግሬ ሌላ ርዕስ እይዛለሁ፣ ምርቃቱም ለከርሞ ይሁን አለች። አንድ ዓመት ልፋት!

ልኬቴን የሳልሽበትን ወረቀት አምጪ አልኳት። መስመሩ ሜዳ ሜዳ ይሄድና የዳሞታን ተራራ ያህል ጉብ። ደግሞ ሜዳ፣ ደግሞ ጉብ። ቀኖቹን በስም አልጻፈችም፣ 1፣ 2፣ 3 እያለች ነው። በጣቴ ቆጠርኩ። ረቡዕ። ዓርብ። ረቡዕ። ዓርብ።

ማንም ሳይነግረው ሂሳቧ ጾሜን አውቆብኛል። ኪኒን መዝለሌን፣ የንስሐ አባቴ እንኳ ያልደረሱበትን። ልጅቷ አልሳተችም፤ ዋሾዋ እኔ ነኝ። አፌ ግን ተያዘ። እኔ፣ አፌ የማይያዘው።

ቅዳሜ፣ ጥር 23፣ 2 ሰዓት

ኪኒኔን ዋጥኩ። ከትራሴ ሥር የደበቅኳቸውን አወጣሁ። ስድስት። የወረቀቱም ጉብታ ስድስት። ሦስት ሳምንት እሷ አፌን አምና፣ እኔ ዋሽቻት። ትቆጣኝ። ትጩህብኝ። ሂሳብሽ ከአያትሽ ይታመናል እላታለሁ፣ በቃ።

ባጃጅ በር ላይ ቆመ። ምሕረት ልትሄድ ነው፣ እማማ ነይ በሩን ዝጊ እያለች ትጣራለች። መጣሁ አልኳት። ስድስቱን በእጄ ይዣለሁ። በባጃጁ ሰው ፊትም ቢሆን እነግራታለሁ።