የዓሣ ሐኪሟ ወይዘሮ እህተ ማርያም ገብረሰንበት (1974 – 2018 ዓ.ም.)

ወይዘሮ እህተ ማርያም ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረሰንበት ይግዛውና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንቁ አየነው በ1974 ዓ.ም. በቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ተወለዱ። ፊደል ከአባታቸው ዘንድ ቆጥረው፣ ሁለተኛ ደረጃን ፍኖተ ሰላም ጨርሰው፣ በባዮሎጂ ተመረቁ። በ1997 ዓ.ም. በእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። በ2001 ዓ.ም. ከአቶ አሸናፊ ጋር በተክሊል ተጋብተው አደይንና ገብረ ሕይወትን ወለዱ።

ሥራቸው የወንዝ ዓሣን የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎችን መለየት ነበር። ጎረቤታቸው ጋሽ ባምላኩ «የእኛይቱ ሐኪም፣ በሽተኞቿ ሁሉ ሞተው ነው የሚመጡላት» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም «እርስዎ ብቻ በእግርዎ መጡልኝ» ይሏቸው ነበር።

በ2011 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ወንዝ ዓሣው ሞቶ ተንሳፈፈ። ሰውም «የብርብራ ፍሬ ወቅጦ የጨመረበት ይርሳው ነው» አለ። የዚያው መንደር ሰው ይርሳው በልጅነቱ በብርብራ ዓሣ እያደነዘዘ ይይዝ ነበርና ክፉ ስሙ አልለቀቀውም። ውሃውን የሚጠጡ ከብቶቻችንን ሊፈጅ ነው ተባለና ከእድሩ ተባረረ። ወይዘሮ እህተ ማርያም በዓሣው ገላ ላይ ቁስል አይተው ተጠራጠሩ። ዳሩ ግን የመጣላቸው ዓሣ የበሰበሰ ነበርና ከላዩ የበቀለው ባክቴሪያ ብዙ ዓይነት ሆነ፤ ገዳዩን ከአበስባሹ መለየት አልተቻለም። ራሳቸው ወንዝ ወርደው ገና የሚያጣጥሩ ዓሦች ያዙ፤ ከኩላሊታቸው ናሙና ወስደው ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳደጉ። ከሁሉም ዓሣ የበቀለው አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ነበር። ውሃው ጎድሎና ሞቆ ዓሣውን ሲያደክመው ባክቴሪያው በርትቶበታል።

ይህ እስኪታወቅ የይርሳው እናት ወይዘሮ አቻምየለሽ አረፉ። ከእድሩ ቃሬዛ የያዘ ሰው አልነበረም፤ ልጃቸው ከቀሳውስቱ ጋር ተሸክሞ ቀበራቸው።

ወይዘሮ እህተ ማርያም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በይርሳው መንደር ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ላይ ቆመው ውጤቱን አስረዱ። የእድሩ ዳኛ አቶ ያረጋል አንገታቸውን ደፍተው «እንግዲህ ለሟቿ ምን እንበላት?» አሉ። ይርሳው ወደ እድሩ ተመለሰ፤ ወይዘሮ እህተ ማርያም ግን ያችን የበሰበሰች ናሙና እያነሱ «መጀመሪያውኑ ራሴ ብወርድ ምን ነበረበት» ማለትን እስከ መጨረሻው አልተዉም።

በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. አርፈዋል። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተዋል። መቃብራቸውን ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ የቆፈሩት ይርሳውና የዚያ እድር ሰዎች ናቸው፤ የሚጠራቸው ሳይጠብቁ መጡ።

መዘግየት የማያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ፈጥኖ ይቀበልልን። አሜን።