ቧንቧ ሠሪው ሳንባ ሲገጠምለት

ውድ ጎረቤቴ፣

የማእድ ቤትሽ ቧንቧ ማንጠባጠቡን እንደሚቀጥል በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ፤ ቧንቧ ሠሪው ወንድሜ ራሱ ጥገና ገብቷል።

ሳንባ ሊቀየርለት ሲል ሐኪሟ ሥራውን ወረቀት ላይ ሥላ አሳየችው። እሱ ቅንጣት ሳይፈራ፣ ኦክስጅኑ አፍንጫው ላይ እንዳለ፣ ሥዕሉን ገመገመና «ዶክተር፣ ለአየር ቧንቧው ደም የምታደርሰው ይቺ ቀጭን መስመርስ?» አላት።

«በብዙ ሆስፒታሎች ሳትቀጠል ትቀራለች። መገጣጠሚያው ከጎን በምትደርሰው ጥቂት ደም እንዲድን ይጠበቃል።»

«ባይድንስ? እኔ እንዲህ ሠርቼ ብወጣ የቤቱ እመቤት በመጥረጊያ ታባርረኛለች! ይቺን ካልቀጠላችሁ የስምምነቱን ወረቀት አልፈርምም።»

«አላስጨረሱኝም እኮ! እኔ ከደረትዎ ሌላ ደም ሥር ስቤ እቀጥላታለሁ።»

ሥራ እንደሚረከብ ሹም አንገቱን ነቅንቆ ፈረመ።

ሳንባው ተገጥሞለት ዛሬ በአየር ቧንቧው ቀጭን ካሜራ አስገብተው አዩት። መገጣጠሚያው ሮዝ ነው፤ ደም ደርሶታል። ወንድሜ ድምፁ እንደተመለሰ «አያፈስም?» አለ። እኛ ሰፈር ስንቱን ቧንቧ ገጥሞ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብሎ ጠይቆ ያውቃል?

ቦታ አለቀብኝ፤ እናትሽንና መንትዮቹን ሳሚልኝ።

እርማት፦ ከላይ «ቅንጣት ሳይፈራ» የተባለው «የታናሽ እህቱን፣ የእኔን፣ ቀኝ እጅ ጨምድዶ ይዞ» ተብሎ ይነበብ። የእጅ ጽሑፌ የተንጋደደውም በዚሁ ምክንያት ነው።