ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የሚያወሩት

ሰኞ
ዛሬም ሰውየው ቀድሞኝ ነቃ። ገና ዓይኔን ሳልገልጥ «ተነሳች» አለ። ሴትዮዋ «አልተነሳችም፣ እያስመሰለች ነው» አለችው። ብዙ ጊዜ ከእኔ ጋር አያወሩም፤ ስለ እኔ ነው የሚያወሩት። ሰው ጭንቅላቴ ውስጥ የምሰማቸው ይመስለዋል። አይደለም። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነው የሚመጡት፣ የጎረቤት ሬዲዮ እንደሚሰማው። የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። «ክሩን መቁረጥ ረሳች» አለ። እውነቱን ነው። ቆረጥኩት።

ማክሰኞ
ሐኪም ቤት። ወንድሜ ዳዊት ከሥራ አስፈቅዶ አብሮኝ ሄደ። ሐኪሟ ምን እንደሚሉኝ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «ያዝዙሻል?» አልፎ አልፎ፣ «አትብዪ» ይላል። ዳዊት መሬት መሬቱን አየ። መድኃኒቱን ትንሽ ጨመረችልኝ። የሰማሽው እውነት መሆኑን ስትጠራጠሪ ሰው ጠይቂ፣ ሰው ከሌለ ድምፁን በስልክሽ ቅጂው አለች። ወደ ቁስቋም ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ዳዊት «እንዲህ እንደሚሉሽ አላውቅም ነበር» አለኝ። አልጠየቅከኝማ አልኩት።

ረቡዕ
ዝናብ። አፌ ይደርቃል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ ሳምቡሳ ይዘውልኝ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ሰውየው «መርዝ ነው» አለ። እያዩኝ በላሁ። ቀስ እያልኩ ስቆርስ አይተው «አቃጠለሽ እንዴ?» አሉኝ። አይ፣ ይጣፍጣል አልኩ። ደግሞም ይጣፍጥ ነበር።

ሐሙስ
ቤት ብቻዬን ነኝ። ከጓሮ «ትግስት! ትግስት!» የሚል ሰማሁ። ሴትዮዋ ናት ብዬ ስፌቴን ቀጠልኩ። እንደገና ተጠራሁ። ሰውየው «አትሂጂ፣ ሊይዙሽ ነው» አለ። ከነከነኝ። ስልኬን መስኮቱ ላይ አድርጌ ቀዳሁና ሰማሁት። ዝናብ። ውሻ። ከዚያ በቀጭኑ፦ «ትግስት፣ ልጄ።» ሰውየው ቅጂው ውስጥ የለም።
ሮጥኩ። እማማ ዘይነባ ውኃ ሊቀዱ ወጥተው ጭቃው ላይ ወድቀዋል። «ስጠራሽ አልሰማሽም?» አሉኝ።
«ሰምቻለሁ። እርስዎ መሆንዎን አላወቅኩም።»
ጋቢ አልብሼ ለዳዊት ደወልኩለት። ሆስፒታል ወሰድናቸው።

ቅዳሜ
ቁርጭምጭሚታቸው ነው የተሰበረው፤ በጀሶ ታስሯል። ልጠይቃቸው ሄጄ ለምን እንደዘገየሁ ነገርኳቸው። ስለ ሰውየውም፣ ስለ ሴትዮዋም። ከዳዊትና ከሐኪሟ ሌላ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እስክጨርስ ሰሙኝ።
«አሁንም ያወራሉ?»
«አዎ።»
«ምን ይላሉ?»
«ሰውየው ‹አሁን ታባርራታለች› ይላል።»
«ውሸታም ነው!» አሉና ትራሱን ከፍ እንዳደርግላቸው ጠየቁኝ። አደረግኩ። ሰውየው ዝም አላለም። እኔም ተነስቼ አልሄድኩም።