የልጄን ዳሌ ለሦስተኛ ጊዜ ለማስበሳት ለቆረጡት ክቡር ዳይሬክተር

ይድረስ ለክቡር የሆስፒታሉ ዋና ዳይሬክተር፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ምንጭ ውኃ የማይጎድል፣ የነጭ ደም ሴልዎም ቁጥር ላቦራቶሪያችሁ ካሰመረው መስመር ዝቅ የማይል ይሆን ዘንድ ፈጣሪን እለምናለሁ፤ ዝቅ ያለበት ሰው በእናንተ ዘንድ የሚጠብቀውን መስተንግዶ በልጄ አይቻለሁና።

እኔ ዕድሜዬን ቅዱሳት መጻሕፍትን በማስተማር የፈጀሁ፣ የሁለት ሴቶች ልጆች አባት ነኝ። የታናሺቱ ኩላሊቶች ሥራቸውን ካቆሙ ቆይተዋል፤ በማሽን ደሟን እያሳጠበች ትኖራለች። ታላቂቱ አንድ ኩላሊቷን ለእህቷ ልትሰጥ ወድዳ፣ ተስማሚነቷም በእናንተው ምርመራ ተረጋግጦ፣ ለምስጋና እጃችንን ልንዘረጋ ስንል ነጭ የደም ሴሎቿ አንሰዋል ተባለና ልገሳው ታገደ። ከዚያ ወዲህ የተደረገልንን ውለታ እንደሚከተለው እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ። ልጄ ጉንፋን እንኳ አልጋ ላይ ጥሏት የማያውቅ፣ ቁስሏ ሳያመረቅዝ የሚደርቅ ሴት ናት። ሐኪማችሁ ግን ነጭ ሴሎች የሰውነት ወታደሮች መሆናቸውን፣ የእርሷም ሠራዊት ጥቂት መሆኑን አስረዱን። ጌዴዎን ሦስት መቶ ሰው ብቻ ይዞ ድል እንዳደረገ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ወደ እናንተ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ከጦርነቱ በፊት ዳሌው ይበሳ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አልተገለጠልኝም ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ትጋታችሁ። ደም የሚመረትበትን የአጥንቷን መቅኔ ለመመርመር ዳሌዋን በወፍራም መርፌ በሳችሁ፤ ንጹሕ ሆነ። ንጽሕናው አጠራጥሯችሁ ደግማችሁ በሳችሁ፤ አሁንም ንጹሕ። ፈጣሪ እንኳ ከአዳም አንዲት አጥንት ሲወስድ አስቀድሞ ከባድ እንቅልፍ ጥሎበታል፤ እናንተ ግን ቆዳዋን ብቻ አደንዝዛችሁ፣ ሐኪሙ ክብደታቸውን በመርፌው ላይ ሲያሳርፉ፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ ሆኜ ጩኸቷን ሰምቻለሁ። ከአዳም አጥንት ሔዋን ተገኘች፤ ከልጄ አጥንት ግን ከሌላ ቀጠሮ በቀር የተገኘ የለም። ታናሺቱ ከማሽኑ ጋር እንደ ታሰረች «አባዬ፣ እህቴን እንዲህ የሚቆፍሯት ነዳጅ ቢሸታቸው ነው» ብላ አሳቀችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሦስተኛውን ለማመስገን ቃል ያጥረኛል። በእንግድነት የመጡ አንዲት የደም ሐኪም ይህ በሽታ አለመሆኑን፣ በብዙ ጤነኞች ዘንድ ከወላጅ የሚወረስ ተፈጥሮ መሆኑን፣ መስመራችሁም የተሰመረው በሌሎች ሕዝቦች ደም ልክ መሆኑን ነገሩን። እኔም ነገሩ እንዲጠራ ብዬ ክንዴን ሰጠሁ፤ ውጤቴ ከልጄ ጋር አንድ ሆነ። «እንግዲህ ከአባቷ ወርሳው ነው» ብላችሁ ታሰናብቷታላችሁ ስል፣ እርሷን ለሦስተኛ፣ እኔን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመቅኔ ምርመራ ቀጠራችሁን። ሰማንያ ዓመት ሙሉ ሳያመኝ የኖረ በሽታ ስላገኛችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ዳዊት የሳኦልን የብረት ጥሩር ለብሶ መራመድ ባቃተው ጊዜ ጥሩሩን አወለቀ እንጂ፣ የዳዊት ትከሻ ተቆፍሮ ይታይ ያለ ሰው አልነበረም።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዴን እዚህ ላይ ልግታ። የታናሺቱ ክንድ ለመርፌ የሚሆን ደህና ስፍራ አልቀረለትም፤ ባለፈው ሳምንት ደረጃውን የወጣችው በእህቷ ጀርባ ታዝላ ነው። ያዘለቻትም ያቺው ታማለች የምትሏት ናት። ጥንቃቄያችሁ ታላቂቱን ከሌለባት በሽታ ሲጠብቅ፣ ታናሺቱን ባለባት በሽታ እየገደላት ነው። ስለዚህ ሦስተኛው መበሳት ይቅር፤ ልገሳውም ይፈቀድ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ከመስመራችሁ በታች ተወልጄ፣ ከመስመራችሁ በታች ያረጀሁ፣ ከመጋረጃችሁ በስተጀርባ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ደጅ የምጠናዎ፣

የሁለቱ እህትማማቾች አባት

ማስታወሻ፦ ክቡርነትዎም እኛን ከመሰሉ ወላጆች የተወለዱ ነዎትና፣ ለመሆኑ የራስዎን ደም አስለክተው ያውቃሉ? እባክዎ ዛሬውኑ ያስለኩ። ዝቅ ብሎ ከተገኘ ሁለት መንገድ አለዎት፤ ወይ ለልጄ ይፈርሙላት፣ ወይ ከቢሮዎ አንድ ፎቅ ወርደው ከመጋረጃው ጀርባ ከጎኗ ይተኙ።