ወለል የሌለው ባሕር

ኅዳር ፲፪፣ ከሰዓት
ዛሬም ታንኳ ላይ። ዶቶሬው፣ ባሕር የሚመረምረው የጣሊያን ሊቅ፣ የብረት ቱቦውን ወደ ወለሉ ያወርዳል፣ ገመዱን እኔ እይዛለሁ። ጥቁር ጭቃ ይወጣል፣ ደስ ይለዋል። ለጭቃ! አስተርጓሚ ብለው ቀጥረውኝ ገመድ ጎታች አደረጉኝ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። መጀመሪያ ሲመጣ፣ ይኼ ባሕር ወለል የለውም፣ የገባበት አይወጣም አልኩት። ያገሬ ሰው ቢሆን ሰምቶ ይሸሽ ነበር። እሱ ግን ዓይኑ በራ፤ ለክቼ ካላየሁ አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ምላሴን በቆረጠው!

ላንተ ብቻ ልንገርህ፣ ደብተሬ። ወለሉ ላይ የጊዮርጊስ ደወል አለ። የጣሊያን ጦር ሲመጣ ደውለን አገሩን ያስጠነቀቅንበት ነው። የጣሊያኑ አዛዥ፣ ደወሉን የደበቀ ይሰቀላል ብሏል። የደበቅነው እኔና መሪጌታ ነን፤ በቀይ መጋረጃ ጠቅልለን አሰመጥነው።

ኅዳር ፲፬
ዶቶሬው ዛሬ ወሬ አማረው። በታላቁ ውቅያኖስ ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት አሉ አለኝ። ከጭስና ከትንፋሽ ወጥቶ ከአየር ወደ ውኃ የገባውን ከሰል ገላቸው ያደርጉታል፤ ሲሞቱ እንደ አቧራ ቀን ከሌት ወደ ታች ይረግፋሉ። ጥልቁ ከደረሰ ያ ከሰል ሺ ዓመት አይወጣም። የኛም ባሕር በሚረግፍበት ቅጠል እንዲሁ ያደርጋል፤ ጭቃውን የምመዝነው ለዚህ ነው አለ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ወዲያው ግን ደሜ ፈላ። የማይታይ ፍጥረት ሬሳ የት እንደ ደረሰ ይጨነቃል፤ የኛን ሬሳ ማን ጠየቀ? ወገኖቹ ያቃጠሉት መንደር ከሰሉ ገና አልታጠበም። እሱንም ይመዝንልና! ይህን አልተረጎምኩለትም። ውጬው ቀረሁ።

ኅዳር ፲፭
ጉድ ፈላ። ቱቦው ቀይ ክር ይዞ ወጣ። ምንድን ነው አለኝ፤ የቄጤማ ሥር ነው አልኩ። ወደ ፀሐይ አዙሮ አየው። ነገ እዚያው ላይ እናወርዳለን አለ።

ለመሪጌታ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ እኔ አርጅቻለሁ፤ ደወሉን የደበቁት መሪጌታ ናቸው በል» አሉኝ። ተናደድኩባቸው። አንገታቸውን እንደ ትርፍ ዕቃ ሲሰጡኝ! በቅሎ ለምኜ ደምበጫ እህታቸው ዘንድ ሰደድኳቸው፣ እያጉረመረሙ።

ኅዳር ፲፮፣ ጧት
ቱቦው አንድ ብቻ ነው። ሌላ ከሮም እስኪመጣ ክረምት ይገባል ብሎኛል፣ ራሱ። ጥልቁ የደረሰ አይወጣም ያለኝም ራሱ ነው።

በሶዬን ቋጥሬያለሁ። ከታንኳው እንደ ወረድኩ ጫካ እገባለሁ።

ዶቶሬው እየጠራኝ ነው። ገመዱን ቱቦው ላይ የማስረው እኔ ነኝ፤ ዛሬ ቋጠሮው ይላላል።