የሰሚሃ ኮምፒውተር ገመድ

ሰሚሃዬ፣
አርዲቦ ለሰደቃ ሄጃለሁ። ወጡን አሙቀሽ ብይ።

ኮምፒውተርሽ ለሐይቁ ውሃ የሠራሽውን መለኪያ ገመድ አልቀበል ያለው ተከራያችን ሰዓድ ነካክቶት መስሎኝ፣ ዛሬ ጧት ፊት ለፊት ተናገርኩት። እሱ ወዲያው ኮምፒውተሩን ከፍቶ አየው። ለካ ሊኑክስ የምትይው የኮምፒውተርሽ ሥርዓት ውስጥ ለዓይነ ስውራን ማንበቢያ የተሠራ ፕሮግራም ከጀርባ ይሠራል፤ ገመድ በተሰካ ቁጥር የራሱ ዕቃ መስሎት ቀድሞ ይይዘዋል። ሰዓድ ፕሮግራሙን አስቆመው፣ መለኪያሽም ሠራ።

ወላሂ አፍሬ አፉ በለኝ ልለው ነበር።

ግን ልጄ፣ ፕሮግራሙን ሊያስቆም ሲል ኮምፒውተሩ የጠየቀውን፣ አንቺ ከእኔ እንኳ ደብቀሽ የምትጽፊውን የይለፍ ቃል እሱ ማንንም ሳይጠይቅ ጻፈው። አንዴም አልተሳሳተ።

እስክመለስ ለእሱ ምንም እንዳትነግሪው። መጀመሪያ አንቺን ነው የምጠይቀው።

አያትሽ