ሦስት ሜትር መጋረጃ

ጥር 6

ሱቅ በሰዓቱ ከፈትኩ። ሲሚንቶ፣ ሚስማር፣ ሁለት ጥቅል ሽቦ... የተለመደው። ከምሳ በኋላ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ሆቴል የሚሠራው መሐንዲስ መጣ። አፈር መሙላት ሊጀምሩ ነው። መጋረጃ ይፈልጋል፤ ከላይ በተንሳፋፊ የተያዘ፣ ከታች እስከ ባሕሩ ወለል የሚወርድ ሸራ። ጭቃው ወደ ሰፊው ውሃ እንዳይወጣ የሚያግድ። ስድስት ሜትር መውረድ አለበት። እኔ ያለኝ ሦስት ነው።

«ስድስቱ በወር ይደርሳል» አልኩት።

«እኔ ሰኞ ነው የምጀምረው።»

«እንግዲያው ይህን ውሰድ። ተቆጣጣሪው ጀልባ ላይ ቆሞ ተንሳፋፊ ነው የሚቆጥረው። ጠላቂ አይደለ።»

ሳቀ። ደረሰኙ ላይ ስድስት ብዬ ጻፍኩ።

ጥር 27

ታላቅ እህቴ እትዬ ደወለች። ዓሦቿ እየሞቱ ነው። ከሆቴሉ ወዲያ፣ ባሕሩ ላይ በዘረጋችው መረብ ውስጥ ዓሣ ስታረባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ሄድኩ። ውሃው ድፍርስ፣ ቀለሙ የጡብ። የሞቱትን አንድ በአንድ እያወጣች ባልዲ ውስጥ ታስቀምጣለች። አትጥላቸውም፣ ታስቀምጣቸዋለች።

«ምን ይመስልሃል፣ ወንድሜ?»

«መኖ አብዝተሽ እንዳይሆን።»

ዓይኔን በጨው ታጥቤ። ሰው ሲጠይቀኝ እጄ ላይ ያለውን ዕቃ ማቅረብ ልማዴ ነው...

«እኔ እንጃ። ይሆናል» አለች። አመነችኝ።

የካቲት 4

የእትዬ ልጅ ሱቅ መጣች። የውሃ ጥራት መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ሳተላይት የሚያነሳቸውን ፎቶዎች እያየች የባሕሩን ዳርቻ ትከታተላለች። ኮምፒውተሯን የሲሚንቶ ክምር ላይ ከፈተች።

«አጎቴ፣ እየው እስቲ። በየአምስት ቀኑ ያነሳዋል።»

ጠቆር ያለው ሰማያዊ ንጹሕ ውሃ ነው። ቡናማው ጭቃ። ከሆቴሉ ሥር ይነሳና እየሰፋ ሄዶ የእናቷ መረብ ላይ ያርፋል። ሥራ ባቆሙበት ሳምንት ይሳሳል። ሲቀጥሉ ይወፍራል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ያነበዋል።

«ግራ የገባኝ መጋረጃው ነው» አለች። «ታጥሯል፤ ይኸው መስመሩ። ሳተላይት ደግሞ ከላይ እንጂ ከሥር አያይም። የሸጥክላቸው አንተ ነህ። ወለል ድረስ ይወርዳል አይደል?»

«ደረሰኙ ስድስት ሜትር ይላል።»

አልዋሸሁም። ደረሰኙ እንደዚያ ይላል። ከውሸት የሚብስ ነገር እንዳለ በሃምሳ አራት ዓመቴ ዛሬ ገባኝ።

የካቲት 5

መጋዘን ውስጥ አንድ ባለ ሦስት ሜትር ጥቅል ቀርቷል። አየሁት። ሸፈንኩት።

የካቲት 13

እትዬ ቤት ምሳ። ልጅቷ ምግብ አልነካችም። አለቃዋ ሪፖርቷን መልሶባታል። የሆቴሉ ሰዎች የእኔን ደረሰኝ አቅርበው «መጋረጃችን ሙሉ ነው፣ ጭቃው ከእኛ አይደለም» ብለዋል። አለቃዋም «የእናትሽን ዓሣ ለማዳን ነው ሥዕል የምትቀቢው?» አላት። በሰው ፊት። አሁን ውሃውን ያበላሸው የእትዬ መኖ ነው እየተባለ ነው። ሐሙስ ስብሰባ አለ፤ መረቧ ከባሕሩ ይነሳ አይነሳ የሚወሰነው ያን ቀን ነው።

«አጎትሽ የነጋዴ ጭንቅላት አለው» አለች እትዬ። «እሱ ይምከርሽ።»

ሁለቱም አዩኝ። ምን ልበል? ውሃ ጠጣሁ። ብርጭቆው ባዶ ከሆነ በኋላም ጠጣሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይህ ባሕር ግን እያደር ደፈረሰ... እኔ እያወቅሁ።

የካቲት 17

ስብሰባው። መሐንዲሱ «ለወጉ ያህል ብቅ በል» ብሎኝ ሄድኩ። ፎቶዎቹ ግድግዳው ላይ ተንጣለዋል። ልጅቷ በጣቷ ስታመለክት ድምፅዋ ይቆራረጣል። አለቃዋ ስልኩን ያያል።

መሐንዲሱ ተነሳ። «ሻጩ እዚሁ አለ፤ ይጠየቅ» ብሎ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

ተነሳሁ። «ሦስት ሜትር ነው» አልኩ።

«ደረሰኙ ስድስት ነው የሚለው» አለ ሰብሳቢው።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ጥቅል መጋዘን አለ፤ መጥታችሁ ለኩት።»

ከኋላ አንዱ «ነጋዴ ሜትር ሲያሳጥር ገና ዛሬ ማየታችሁ ነው?» አለ። ተሳቀ። እትዬ አልሳቀችም።

በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«መኖ ነው ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሻርፗን አስተካክላ ሄደች። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት...

መሐንዲሱ በዓይኑ ባይጠቅሰኝ ኖሮ እናገር ነበር?

መጋቢት 20

ግንባታው እስኪታረም ታግዷል። እኔም ተቀጥቻለሁ፤ ይገባኛል። የእትዬ መረብ አልተነሳም። ከዓሦቹ ግማሹ እንኳ አልተረፈም። ስልኬን አታነሳም።

ዛሬ እውነተኛው መጋረጃ ሊሰቀል ነው። ራሴ አምጥቼ አወረድኩ። ልጅቷ ለቁጥጥር መጣች። ደብተሯን ከፈተች።

«ስንት ነው የሚወርደው?»

«ስድስት።»

መለኪያዋን ከኪሷ አወጣች። ሸራውን መሬት ላይ ዘርግታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካች፤ ጻፈች። ሁለተኛውን ጥቅል ዘረጋች። ሦስተኛውን። ዐሥራ አንዱንም ልትለካ ነው። ይቅርታ አላለችኝም። ለምን ትበል?

ነፋሱ ሸራውን ሲያነሳባት ተንበርክኬ ጫፉን ያዝኩላት።